ይህች ሳንቲም የማን ናት?



ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሱረቱል ካህፍ በሚቀራበት ቤት የዋሻውን ወጣቶች ታሪክ የማያውቅ ልጅ የለም። እምነታቸውን ይዘው ከወገናቸው የሸሹት እነዚያ ወጣቶች ከረጅሙ እንቅልፍ ሲነቁ የተኙት አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል መስሏቸው ነበር። ርቧቸው ስለነበር ከመካከላቸው አንዱን ገንዘባቸውን አስይዘው፣ ንጹሕ ምግብ እንዲገዛና ማንም እንዳያውቀው እንዲጠነቀቅ አሳስበው ወደ ከተማ ላኩት። ቁርአን ለዚያ ገንዘብ የተጠቀመበት ቃል «ወሪቅ» ነው፤ የብር መሐለቅ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙፈሲሮች ሲተርኩ፣ ባለሱቁ ገንዘቡን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ አመታቱ እንግዳ ሆነበት፣ ለጎረቤቱ አሳየው፣ ያም ለሚቀጥለው አቀበለው፣ «ይህ ልጅ የተቀበረ ሀብት ሳያገኝ አይቀርም» ተባባሉ ይላሉ። ገንዘቡ የተመታው ብዙ ትውልድ ቀደም ብሎ በሞተ ንጉሥ ዘመን ነበርና። ብዙዎቹ ሙፈሲሮች ያንን ንጉሥ ደቅያኖስ ይሉታል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ249 እስከ 251 የነገሠው የሮም ንጉሠ ነገሥት የዴክዮስ ስም ነው።

የወጣቶቹ ምሥጢር የወጣው እንግዲህ በመሐለቅ ነው። ባለሱቁ ያደረገውን ልብ እንበል። እጁ ላይ የወደቀው አሮጌ ገንዘብ ስንት እንደሚያወጣ ከማስላቱ በፊት ማን እንዳስመታው፣ መቼ እንደተመታ፣ ልጁም ከየት እንዳገኘው ለማወቅ ፈለገ። በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ከዚያ ባለሱቅ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር አንዲት ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። «ኡስታዝ፣ የአክሱም ናት ብለውናል፤ እስቲ እርስዎ ይዩልን» አለ። ሳንቲሟ የእርሱ ሳትሆን የታላቅ እህቱ ናት። እህታችን ቤይሩት ውስጥ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች፤ አንዲት አሮጊት ነበር የምትጦረው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የወደቡ ፍንዳታ ያቺን ከተማ ከመታት በኋላ ቤተሰቡ ደመወዟን መክፈል ስላቃተው ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሰናበት አሮጊቷ መርፌና ቁልፍ ከሚያኖሩባት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይህችን ሳንቲም አውጥተው፣ «ከአገራችን መሬት የወጣች ናት፤ አስታውሽን» ብለው በእጇ አስያዟት።

ሳንቲሟም ዓመታት ያህል በሰላም ተቀመጠች። ኋላ አንድ የሩቅ ዘመድ አይቷት ኖሮ ደላላ ይዞ መጣ። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ደላላው ሳንቲሟን አገላብጦ አየና «የአክሱም ነች፤ ውጭ አገር ገዥ አለኝ፤ ሁለት ሚሊዮን ብር አያንሳትም» አለ። ነገር ግን በቅድሚያ አዲስ አበባ ሄዳ በላቦራቶሪ መመርመር አለባት፤ ለምርመራው 20 ሺህ ብር ክፈሉ። እህታችን ከቤይሩት ይዛው ከተመለሰችው ላይ የቀራት ይኸው 20 ሺህ ብር ነበር፤ የስፌት መኪና ልትገዛበት ያስቀመጠችው። እናት «ሁለት ሚሊዮን በራችን ድረስ መጥቶ እንመልሰው?» ይላሉ። ልጅ ትፈራለች። ወንድም እኛ ዘንድ መጣ።

የደላላው ማስረጃ ምን ነበር? በሳንቲሟ ጀርባ ላይ ሁለት በሬዎች ጠምዶ የሚያርስ ሰው አለ። «በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው የማን አገር ምልክት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን ሊመልስ ይችላል? በ2013 ዓ.ም. በተለወጠው በቀድሞው የመቶ ብር ኖት ላይስ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ስንት ዓመት ስናየው ኖርን! ቤተሰቡ ማመኑ አያስገርምም።

እኛ መሐረቡን ስንፈታ መጀመሪያ ያየነው ግን በሬዎቹን አልነበረም። የሳንቲሟ ግማሽ ጎን እንደ አዲስ የበር ቁልፍ ያበራል፤ ግማሹ ጥቁር አረንጓዴ ነው። «ምን አደረግሃት?» አልነው። «ጽሑፉ እንዲታይ ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኋት» አለ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን በተመለከተ አንድ ነገር እንበላችሁ። ነሐስ ከመሬት በታች ብዙ መቶ ዓመት ሲኖር ላዩ ላይ አረንጓዴ ልባስ ያበጃል። ያ ልባስ ቆሻሻ አይደለም፤ የሳንቲሟ የራሷ ቆዳ ሆኗል፤ የፊደሉና የምስሉ ስስ ጠርዝ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ሎሚው ቆዳውን ሲገፍ ፊደሉንም አብሮ ይገፈዋል። ልባሱ ከተነሣ በኋላ የሚመልሰው የለም፤ በጥንታዊ መሐለቅ የሚነግድ ሰውም እንዲህ የተፈተገች ሳንቲም ሲያይ ዋጋዋን ወዲያው ዝቅ ያደርጋል። ለስላሳ አፈር ብቻ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት ይበቃል። ከዚያ ያለፈው ለባለሙያ ይተው።

ቀጥለን ገበያ ውስጥ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄደን በሚዛኑ አስመዘንናት። 7 ግራም ሆነች። በማስመሪያ ስንለካት ስፋቷ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ክፍሉን አጨልመን የእጅ ስልክ መብራት ከጎን በሰያፍ አበራንባት። ይህን ዘዴ እቤታችሁ ሞክሩት፤ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ያረጀ ፊደልን ይደብቃል፣ ከጎን የሚመጣው ግን ጥላ ስለሚሠራ ያወጣዋል። በፊቷ በኩል የአንድ ሰው ራስ አለ፤ ፊቱ ግን በእጅ ብዛት ተልጎ ልሙጥ ሆኗል፣ ስሙም ጠፍቷል። በጀርባዋ ገበሬውና በሬዎቹ፤ ከበላያቸው ሲ፣ ኦ፣ ኤል የሚባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ቢ የሚመስል አንድ ፊደል። የተረፈው ይኸው ነው።

የተረፈው ትንሽ ቢመስልም ይበቃል። የሮም መንግሥት በሰፋበት ዘመን ወርቁንና አብዛኛውን ብር ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ያስመታ ነበር። በምሥራቁ ወገን ግን፣ በሶርያ፣ በትንሿ እስያ፣ በፍልስጤም፣ በግብጽ፣ ከ500 የሚበልጡ ከተሞች ለየገበያቸው የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ፣ በአብዛኛው ነሐስ፣ ራሳቸው ያስመቱ ነበር። እነዚህን ነው ሊቃውንቱ የአውራጃ መሐለቅ የሚሏቸው። በፊታቸው የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ይቀረጻል፣ በጀርባቸው ደግሞ የከተማይቱ ኩራት፦ ቤተ ጣዖቷ፣ ወንዟ፣ ወደቧ። ልጆች ሳንቲም ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንደሚሉት ማለት ነው፤ ዘውዱ የሮም፣ ጎፈሩ የአገሬው። ጽሑፋቸው ባብዛኛው በግሪክኛ ነው። የእስክንድርያዎቹ ንጉሡ የነገሠበትን ዓመት በፊደል ቁጥር ስለሚጽፉ ዘመናቸውን ማወቅ ይቀላል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀረ።

በምሥራቅ ተገኝታ በላቲን የተጻፈች የነሐስ ሳንቲም ስናይ ግን ጥያቄው ይጠባል። ላቲን የሚጽፉት የሮም ጡረተኛ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩባቸው፣ «ኮሎንያ» የተባሉት ከተሞች ናቸው፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤል የዚህ ቃል መጀመሪያ ነው። ሮማውያን እንዲህ ያለ ከተማ ሲቆረቁሩ መሥራቹ ጥንድ ከብት ጠምዶ በማረሻ የከተማይቱን ዙሪያ ድንበር ያርስ ነበር፤ ቅጥሩ በዚያ ትልም ላይ ይቆማል። በሬዎቹ እንግዲህ ጤፍ ሊዘራባቸው አይደለም የተጠመዱት፤ ከተማ ሊያስምሩ ነው! ይህንን ምስል ካስመቱት ከተሞች አንዷ በአውግስጦስ ዘመን ወታደሮች የሰፈሩባት ቤሪቱስ ናት፤ የዛሬዋ ቤይሩት። ኋላ በሕግ ትምህርት ቤቷ ስሟ የገነነው ያቺው ከተማ ናት። ሌላዋ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በቁድስ ላይ የቆረቆራት ኤልያ ናት፤ በእስልምና ታሪክ መጻሕፍት ቁድስ «ኢሊያእ» ተብላ የምትጠራው ከዚህ ስም የተነሣ ነው።

የኛዋ ከቤይሩት ሰው እጅ ወጥታ፣ ቢ ፊደል ይዛ፣ በላቲን ተጽፋባት፣ በሬዎች ተጠምደውባት ስትመጣ የቤሪቱስ ናት ብንል ሚዛን የሚደፋ ነው። የየትኛው ንጉሠ ነገሥት እንደሆነች ግን ፊቱ ስለተላገ አንናገርም። ከተማይቱ ይህን ምስል ደጋግማ አስመትታለች፤ «አውግስጦስ ነው» ብሎ መገመት ሳንቲሟን ከፍ ያደርጋት ይሆናል፣ ሳንቲሟ ግን እንዲህ አላለችም። እስከዚህ ድረስ ታየናለች፣ ከዚህ ወዲያ አትናገርም ብሎ ማቆም የዚህ ሙያ ግማሹ ነው።

አሁን ወደ ደላላው ቃል እንመለስ። የአክሱም ብትሆን ኖሮስ ምን መምሰል ነበረባት? ይህን ማወቅ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይጠቅማል። የአክሱም ነገሥታት እ.ኤ.አ. ከ270 ገደማ፣ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ መሐለቅ አስመትተዋል። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚያስመቱ መንግሥታት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መሐለቆቻቸው ትንንሾች ናቸው። የወርቁ ክብደት በመጀመሪያ 2.7 ግራም ገደማ ነበር፣ ኋላ ወደ 1.6 ዝቅ ብሏል፤ የነሐሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ግራም አያልፍም። ሰባት ግራም የምትመዝን ድፍን ነሐስ ገና ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ከአክሱም ወገን አይደለሁም ብላለች።

ምስሉም ሌላ ነው። የአክሱም ንጉሥ በወርቁ ላይ ከሁለት የእህል ዘለላዎች መካከል ሆኖ ይታያል። እህል አለ፣ በሬ ግን የለም። በቀደሙት መሐለቆች አናት ላይ ጨረቃና ክብ አለ፤ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ መስቀል ተተካ። ጽሑፉ በግሪክኛ ወይም በግዕዝ ነው፣ በላቲን የተጻፈ የለም። ግዕዙም በቀደሙት ዘመናት ያለ አናባቢ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ዛሬው ይነበባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአንዳንድ የነሐስና የብር መሐለቆች ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። ይህ ጥበብ የአክሱም ሠራተኞች መለያ ነው።

ለሙስሊም አንባቢያችን በተለይ የሚያጓጓው የመጨረሻው ንጉሥ አርማህ ነው። በነሐሱ ላይ ሙሉ አካሉ በዙፋን ተቀምጦ ይታያል፤ በጀርባውም «ደስታ ለሕዝቦች ይሁን» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ሶሐቦች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ ከተሰደዱበት ዘመን ጋር ዘመኑ ስለሚቀራረብ አርማህ ያ ነጃሺ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሌሎች አይስማሙም። የእስልምና ታሪክ የሚያውቀው ስም አስሐማ ነው። ሁለቱን ስም በአንድ ሰው ላይ የሚያስር ጽሑፍ በመሐለቁ ላይ የለም። «የነጃሺ ሳንቲም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ እንግዲህ ይህን አስታውሱት።

የሮም ገንዘብ እኛ አገር አልመጣም ማለታችን ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግብጽ ግሪካዊ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ዲናር ይገኛል። በመጠራ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ባካሄደው ቁፋሮ 14 የሮም የወርቅ መሐለቆች በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ከጌጣጌጥ ጋር ተገኝተዋል። የደብረ ዳሞው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ በላይ የሕንድ ኩሻን ነገሥታት የወርቅ መሐለቆች ወጡ፤ የኡመያና የዐባሲያ ኸሊፋዎች ገንዘብም በዚያው ገዳም ተገኝቷል። የባግዳድ ዲናር በትግራይ ተራራ ላይ! በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየመን፣ ከዐደን ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ መሐለቆች ከሮም ወርቅ ጋር ተደባልቀው ተገኙ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለትምክህት አይደለም። ያ የየመን ወርቅ አንድ በአንድ ተሸጦ ቢበተን ኖሮ እያንዳንዱ መሐለቅ ቆንጆ የወርቅ ክብ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የአክሱምና የሮም ገንዘብ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ይሄድ እንደነበር የነገረን አብሮ መገኘቱ ነው። ያገኘው ሰው ቦታውን ካልተናገረ መሐለቁ ዲዳ ይሆናል። ደላሎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚደብቁት ቦታውን ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ እናትየውም የሚጠብቁት ይህንኑ ነበርና። እንዲህ ያረጀች፣ ፊቷ የተላገ፣ በሎሚ የተፈተገች የአውራጃ ነሐስ በውጭ አገር ገበያ በሕጋዊ መንገድ ብትሸጥ ከጥቂት አሥር ዶላር አታልፍም። እነዚህ ሳንቲሞች በብዙ ሺህ ተመትተው በብዙ ሺህ የተረፉ ናቸው። «ጥንታዊ» ማለት «ውድ» ማለት አይደለም። ዋጋን የሚወስነው ስንት እንደተረፈ፣ ምን ያህል ደህና እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልገው ነው። ይህን ስንነግራቸው እናትየው ዝም አሉ። ከዚያ «ሃያ ሺው ግን አልወጣም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ስለ ደላላው ላቦራቶሪ አንድ ቃል እንጨምር። ገዥ የሆነ ሰው ለሻጭ ይከፍላል እንጂ ከሻጭ አይቀበልም። መሐለቅ የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሚዛን፣ ማጉያ መነጽርና የሁለቱን ወገን ጥሩ ፎቶ ነው። የብረቱን ይዘት በመሣሪያ መለካት የሚቻል ቢሆንም ያ የሚመጣው ሳንቲሟ ምን እንደሆነች ከታወቀ በኋላ ነው። እናትየው በመጀመሪያ ላይ «ታዲያ እንደተባለው የአክሱም ብለን ብንሸጣትስ? ገዥው ይወቅበት» ብለው ነበር፤ ልጃቸው ቀድማን መለሰችላቸው፤ የሚያታልል ከእኛ አይደለም የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ከመድረሳ ታስታውሰዋለች።

የቀረው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። በፊቅህ የተቀበረ ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት «ሪካዝ» ሲሆን አንድ አምስተኛው እንዲወጣ በሐዲስ ተደንግጓል። የእስልምና ዘመን ሀብት ከሆነ ግን እንደ ጠፋ ዕቃ፣ እንደ «ሉቀጣ» ታይቶ ባለቤቱ ለአንድ ዓመት ይፈለጋል። ዑለማዎች ሁለቱን በምን ይለያሉ? በገንዘቡ ላይ ባለው ምልክት! የቀድሞ ነገሥታት ስም ወይም ምስል ካለበት ሪካዝ፣ የቁርአን አንቀጽ ወይም የሙስሊም መሪ ስም ካለበት ሉቀጣ። መሐለቅ ማንበብ እንግዲህ ለፊቅህ ሰውም ሙያው ነበር። ምልክቱ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አልነበረም፤ ሙስሊሞች መጀመሪያ የሚገበያዩት በሮም ዲናርና በፋርስ ድርሃም ነበር፣ ሻምን ከያዙ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ያለበት ገንዘብ ለጥቂት አሠርት ዓመታት አስመትተዋል። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ በ77ኛው ዓመተ ሂጅራ ምስሉን አስወግደው ጽሑፍ ብቻ ያለበትን፣ 4.25 ግራም የሚመዝነውን ዲናር እስኪያወጡ ድረስ ማለት ነው። «ዲናር» የሚለው ቃል ራሱ ከሮም «ዴናርዮስ» የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ የአገር ሕግ ሳይጣስ ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት መሠረት ሲቆፍር፣ ሲያርስ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። አዋጁ ላስረከበው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት ይላል። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ደላላው የሚያተርፈውም ባለማወቃችን ነው። በጣና ዳር መሬቱን ሲቆፍር እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አንባቢ ካለ ሳያጥብ፣ ሳያነሣ፣ ቢያንስ ቦታውን ሳያስለቅቅ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያሳውቅ።

የእህታችን ሳንቲም ግን ከኛ መሬት አልወጣችም፤ ሪካዝም ሉቀጣም አይደለችባትም፤ ስጦታ ናት። ስጦታው ሐላል ነው ወይ ብላ ስትጠይቀን የሰጪዋን ልብ አልተጠራጠርንም። የሊባኖስ የቅርስ ሕግ ግን፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. የቆየው፣ ከ1700 በፊት የተሠራን ነገር ሁሉ ጥንታዊ ቅርስ ይለዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣትም የለበትም። አሮጊቷም እርሷም ይህን አላወቁም። ስለዚህ አንሽጣት፣ አንጣላትም፣ እንጠይቅ አልን። እህታችን የአሮጊቷን ልጅ በስልክ አገኘቻት። ሳንቲሟ ከብዙ ዓመት በፊት ከከተማዋ በላይ ባለው የአያቶቻቸው የወይራ ማሳ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣች መሆኗን ነገረቻት። ይህንን በአንዲት ወረቀት ላይ ጻፍነው፤ ክብደቷን፣ ስፋቷን፣ የተነበቡትን ፊደላትም ጨምረን ከሳንቲሟ ጋር አኖርነው። ፎቶዋን አያይዘን በዐረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ ቤይሩት ለሚገኘው የጥንታዊ ቅርሶች ዋና ዳይሬክቶሬት ልከናል፤ ፈልገው ቢጠሯት የምትሄድበት መንገድ ይነገረናል። እህታችን የስፌት መኪናዋን በ20 ሺው ላይ የዕቁብ ዕጣዋን ጨምራ ገዝታለች። ደላላው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጥቶ፣ አሁን ሳንቲሟ የንግሥት ሳባ ሆናለች አሉ።

በዚህ ጉዳይ ሌሎች ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ ሁለቱም ከአያት ሣጥን የተገኘ ማርትሬዛ ጠገራ ብር ይዘው 1780 የሚለውን ዓመት አይተው የጻፉ ናቸው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ብትሞትም ብሩ በዚሁ ዓመት ቁጥር በቬየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል፤ አያቶቻችን በምስሏ ላይ ያሉትን ሉሎች ሳይቆጥሩ የማይቀበሉትም ለዚሁ ነበር። ሙሉው መልስ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። እስከዚያው ብሩን አስመዝናችሁ ክብደቱን ጻፉልን፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ፎቶ ስትልኩ የፊቱንና የጀርባውን ብቻ ሳይሆን በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍም አንሱ። ሎሚውን ለሻይ አቆዩት።